የማይቆረቁር ዓይን

ያ ሁሉ ሕመም የት ሄደ?

እማማ ይህን ጥያቄ ለጎረቤት አቅርበው መልስ አጡ፤ ለፈጣሪም አቅርበው መልሱን ገና እየጠበቁ ነበር። የልጅ ልጃቸውን ግራ ዓይን ስንት ሳምንት እንደ ጋለ ብረት ሲያቃጥለው የከረመው ሕመም አንድ ጠዋት ደህና ሁኑ እንኳ ሳይል ውልቅ ብሎ ሄደ። ግንባሩ ላይ የቀረው ማሳከክ ብቻ ነው። ልጁ ፊቱን ታጥቦ መጣና፣ "ዓይኔን አላመመኝም፤ ዳንኩ መሰለኝ" አለ። ሰው ዳንኩ ሲል እልል ይባላል እንጂ ይፈራል? እማማ ግን ፈሩ። ሳይሰናበት የሄደ እንግዳ አንድ ዕቃ ይዞ ሄዷል ማለት ነው ብለው የሚያምኑ ሴት ናቸው።

መፍራት የዕለት ሥራቸው ስለሆነ ግን ፍርሃታቸውን ከቁም ነገር የሚቆጥርላቸው አልተገኘም። ሰፈሩ ራሱ "እማማ ምን ይሆን" የሚል ስም አውጥቶላቸዋል። ዝናብ ሲመጣ ምን ይሆን፣ ዝናብ ሲቀር ምን ይሆን፣ ስልክ ሲጮህ ምን ይሆን፤ ስልኩ ሳይጮህ የዋለ ዕለትማ አይነሣ። ምን ያድርጉ? ልጁን ጡት ከጣለ ጀምሮ ያሳደጉት ብቻቸውን ነው። ያላቸውም እሱ፣ የሌላቸውም እሱ።

ሰዓት ሠሪ ነው። በአንድ ትልቅ ሕንፃ ደረጃ ሥር፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ትንፋሽ የሚያጣባት ጠባብ ሱቅ አለችው። ማጉያ መነጽሩን ግራ ዓይኑ ጉድጓድ ውስጥ ሰክቶ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ከጤፍ ፍሬ የማይበልጥ ብሎን በወረንጦ ሲያነሣ ያየው ሰው እሱም አብሮ ትንፋሹን ይውጣል። ደንበኛ ሲያጣድፈው "አንድ ደቂቃ" ማለት ስለሚያበዛ ስሙ ራሱ ደቂቃ ሆኖ ቀርቷል። "ደቂቃ የለም እንዴ?" ይላሉ ደንበኞቹ፤ "ለአንድ ሰዓት ያህል ወጥቷል" ብሎ የሚመልስ ቀልደኛም አይጠፋም።

ከደረጃው በላይ መድኃኒት ቤት አለ። ባለመድኃኒቷ የሕንፃው ጌታ ልጅ ናት። በየሳምንቱ የእጅ ሰዓቷን ይዛ ወደ ደረጃው ሥር ትወርዳለች፤ አንዱን ሳምንት ይቀድማል ትላለች፣ ሌላውን ሳምንት ይዘገያል። እሱ ይከፍታል፣ ያያል፣ ይዘጋል፣ "ተስተካክሏል" ይላል። ሁልጊዜ የሚያወሩት ስለ ሰዓት ብቻ ነበር፤ ዳሩ ግን ስለ ሰዓት ያን ያህል የሚወራ ነገር በዓለም ላይ የለም። አባቷ ይህን ያውቁ ነበር። "ከደረጃ ሥር ያለ ሰው ቀና ብሎ የሚያየው የሰው ጫማ ነው" ብለው ነበር አንድ ቀን፣ እሱ እየሰማ። ከዚያ ወዲህ እሷ ስትመጣ እሱ ዓይኑን ከጫማዋ ላይ አያነሣም፤ እሷ ደግሞ ለምን እንደማያያት ሳይገባት ትበግናለች።

ሕመሙ ሲጀምር ራስ ምታት መስሎ ነው። ከዚያ በግራ ግንባሩ ላይ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ወጣ። እማማ "ሸረሪት ሸንታበት ነው" አሉ። ጎረቤት "ብርድ ነው" አለ። እሱ ማስታገሻ ሊገዛ ወደ ላይ ወጣ።

"እስቲ ወደ ብርሃኑ ዙር" አለችው ባለመድኃኒቷ። ዞረ። አገጩን ይዛ ቀና አደረገችው፤ ከተዋወቁ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት መተያየታቸው ነበር። እሱ በደስታ ሊሞት ደረሰ። እሷ ግን ዓይኑን ሳይሆን አፍንጫውን ነበር የምታየው።

"ሱቁን ዝጋ።"

"አንድ ደቂቃ፣ የሰው ሰዓት ከፍቼ ነው የመጣሁት..."

"ዝጋ አልኩህ! ይቺ አፍንጫህ ጫፍ ላይ ያለችው ሽፍታ መች ነው የወጣችው?"

"ዛሬ ጠዋት። ምን አጠፋች?"

"አልማዝ ባለጭራ ነው የያዘህ። ወደ አፍንጫ ጫፍ የሚሄደው ነርቭ ወደ ዓይንም ይሄዳል። እዚህ ከወጣ እዚያም ሊገባ ይችላል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ የዓይን ሐኪም ጋ ዛሬውኑ ትሄዳለህ።"

ነጭ ጋውኗን ሳታወልቅ ይዛው ሄደች። የሚዋጠው ክኒን በጊዜ ተጀመረ፤ የዓይን ጠብታም ታዘዘ። መድኃኒት ሲሰጥ ካርቶኑ ላይ አወሳሰዱን በእስክሪብቶ መጻፍ ሥራዋ ነው፤ የክኒኑ ላይ "በቀን አምስት ጊዜ፣ ሳታቋርጥ" ብላ ጻፈች። የጠብታው ላይ "ሐኪሟ ሳታዝ እንዳይቆም" አለች። ከሥሩ፣ ለጉንዳን በምትሆን ፊደል፣ "አይዞህ" የሚል አለ። ልጁ ክኒኑ ካለቀ በኋላም ባዶዎቹን ካርቶኖች አልጣላቸውም። እማማ አልጋ ሲያነጥፉ ከትራሱ ሥር ያገኟቸዋል፣ ይመልሷቸዋል፣ ምንም አይሉም። ምን ይባላል? ሰው ትራሱ ሥር ካርቶን አድርጎ መተኛት ከጀመረ ከአልማዝ ባለጭራ የባሰ ነገር ይዞታል ማለት ነው።

ባለመድኃኒቷ በምሳ ሰዓት በምሳ ሰዓት እቤታቸው ትመጣ ነበር። የእማማ እጅ ስለሚንቀጠቀጥ ጠብታው ጉንጩ ላይ ነበር የሚያርፈው። እሷ እጇን ትታጠባለች፣ የዓይኑን የታችኛውን ሽፋን በጣቷ ዝቅ ታደርጋለች፣ አንዲት ጠብታ። "አትጭመቀው፤ ቀስ ብለህ ክደነው።" ይህቺ አንዲት ጠብታ እንዴት ያን ያህል ጊዜ እንደምትፈጅ እማማ ሊገባቸው አልቻለም። ክፍሏ አንድ ናት፤ ሌላ የሚሄዱበት ስለሌላቸው መሃላቸው ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ፤ የተለቀመውን ምስር መልሰው ይለቅማሉ።

ባለሕንፃው አንድ ቀን ራሳቸው መጡ። ልጁ ለምርመራ ወጥቶ ነበር። ወንበር ሲቀርብላቸው አልተቀመጡም፤ ቁጣም አላሰሙም። እማማ ቁጣ ጠብቀው ስለነበር ለለዘበ ንግግር ሳይዘጋጁ ተያዙ።

"እማማ፣ ልጄ ሩህሩህ ናት" አሉ። "ሕፃን ሆና ክንፉ የተሰበረ ወፍ አምጥታ ሳጥን ውስጥ ታስተኛ ነበር። በጣቷ ውሃ ታጠጣዋለች፤ እንቅልፍ አይወስዳትም። ወፉ የዳነ ቀን በመስኮት ትለቀዋለች። በማግስቱ ስለ ወፉ ብትጠይቋት የትኛው ወፍ ትላለች።"

"ልጆች እንዲያ ናቸው፣ ጌታዬ።"

"ልጅዎ ሲድን ሳጥኑ ውስጥ የሚቀረው ማን እንደሆነ እርስዎ ይወቁት። እኔ የምናገረው ለእሱም አዝኜ ነው።"

ስለ ደረጃ ሥሯ ሱቅ አላነሡም። ያላነሡት ነገር ካነሡት ይልቅ እማማን ደረታቸው ላይ ተጫናቸው።

እንግዲህ ሕመሙ የጠፋው ከዚህ በኋላ ነው። በዚያው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ በሩ ሲንኳኳ፣ እማማ ልጁ እስኪነሣ አልጠበቁም፤ ወጥተው በሩን ከኋላቸው ገርበብ አደረጉት።

"ድኗል ልጄ። ከእንግዲህ አትድከሚ።"

"ድኗል? ማን አለ? ሐኪሟ አይታዋለች?"

"ያመመው ሰው አላመመኝም ካለ ሐኪም ምን ትጨምርበታለች?"

"እማማ፣ ጠብታውማ እንዲህ በድንገት አይቆምም። ልግባና ልየው፤ ለአንድ አፍታ።"

"እሱ ራሱ ነው አትምጪ ያለው።"

ቃሉ እንደ ትንታ ነው ያመለጣቸው።  ባለመድኃኒቷ የቆመችበት ቀረች። ፊቷ ላይ ያለው ደም ወዴት እንደሄደ እንጃ። "እሺ" አለች፤ የደጃፉን ደረጃ እንደ ባዳ ሰው ግድግዳውን ይዛ ወረደች። እማማ ልጄን አዳንኩት ብለው ወደ ቤት ገቡ።

ጠብታውንም ከስኳር ጣሳው ጀርባ አስቀመጡት፤ ልጁም አያመኝም ብሎ አልፈለገውም። ላልታመመ ዓይን ምን መድኃኒት አለ? መድኃኒትም ሲበዛ መርዝ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዝምታ ግን ከሕመሙ ጩኸት የባሰ ሆነ። ማታ ማታ "ሰው መጥቶ ነበር?" ይላል ልጁ፤ "ማን ይመጣል?" ይላሉ እሳቸው። መስታወት ፊት ቆሞ ግንባሩን ይዳብሳል። ሽፍታው የወጣበት ቆዳ ጠቁሮ ጎድጎድ ብሏል፣ ቅንድቡ ተመልጧል፣ የዓይኑ ሽፋን ከበድ ብሏል። አንድ ማታ ለመስታወቱ "እኔም ብሆን አልመጣም" ሲለው ሰሙት። እማማ ተነሥተው ሊናገሩ ነበር። ተነሥተው ሻይ ቀዱለት። እንዲህ ላለ ሰው ሻይ ምን ያደርግለታል?

ሱቁን ከፈተ። ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ አውርዶ ይቀመጣል። እሷ በላዩ ላይ ደረጃውን ትወጣለች፣ ትወርዳለች። የጫማዋን ድምፅ ከሺህ ጫማ ይለየዋል። ድሮ ከሱ ሱቅ በላይ ስትደርስ ዝግ ይል የነበረው እርምጃ አሁን እሳት እንደረገጠ ሰው መፍጠን ጀመረ። እሱ "ፊቴን ፈርታ ነው" ይላል በልቡ። እሷ "አትምጪ ካለኝ ሰው ደጃፍ ምን እሠራለሁ" ትላለች በልቧ። አንዱ ደረጃውን ቢወጣ ወይ አንዷ ብትወርድ በሁለት ቃል የሚያልቅ ነገር ነበር። ግን ኩሩ ለኩሩ ተገናኝተው ማን ይጀምር?

አንድ ጠዋት ልጁ በመስኮት እያየ "ዛሬ ጭጋግ ነው እንዴ?" አለ።

እማማ ወጣ ብለው አዩ። ሰማዩ እንደ ታጠበ ብርጭቆ ጥርት ብሏል። "አዎ፣ ጭጋግ ቢጤ አለ" አሉት። ከዚያ መስኮቱን ዘጉት።

በሳምንቱ መጨረሻ፣ ከሰዓት በኋላ፣ በሩ ተንኳኳ። ልጁ መስኮቱ አጠገብ የሰዓት ሆድ ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ በትንሽ ብሩሽ አቧራ ያራግፍ ነበር። እማማ ሲከፍቱ ባለመድኃኒቷ ናት፤ ጋውን የላትም፣ ፀጉሯን አላበጠረችም።

"የመጣሁት ስለ ጠብታው ነው እማማ" አለች፤ ድምፅዋ እንደ ቢሮ ሰው ደርቋል። "ማለቅ የነበረበት ጊዜ አልፏል። የሚወስድ ሰው አልመጣም። ከሌላ ቦታ ገዝታችሁ ይሆናል ብዬ ዙሪያውን ያሉትን መድኃኒት ቤቶች ሁሉ ጠየቅሁ። አልገዛችሁም። ልጅዎ ሊጠላኝ ይችላል፤ ዓይኑ ምን አደረገው?"

ልጁ ብሩሹን ጣለ። "ማን ነው የጠላሽ?"

"አትምጪ አላልከኝም?"

"እኔ? መች?"

"በእማማ በኩል።"

ሁለቱም ወደ እማማ ዞሩ። ክፍሏ በጠበበችበት ሰዓት፣

"ሻይ ላፍላ?" አሉ እማማ።

"እማማ!"

"ምን ላድርግ ታዲያ!" ብለው አለቀሱ። "አባቷ መጡ። ወፍ አሉኝ፣ ሳጥን አሉኝ፣ ሲድን ትረሳዋለች አሉኝ። አንተ የሰው ሰዓት ትጠግናለህ፤ አንተ የተሰበርክ ቀን ማን ሊጠግንህ ነው? ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ላንተ ብዬ ነው!"

"ወፍ?" አለ ልጁ። ጥርሱን ነክሶ ሳቀ። "ደህና ብለዋል። ወፉ ድኗል፤ ይኸው። አያመኝም፣ አይቆረቁረኝም፤ ማታ እንደ ድንጋይ እተኛለሁ። አዘኔታሽን ለሌላ በሽተኛ ስጪልኝ።"

"ዙር" አለች።

"ምን?"

"ወደ እኔ ዙርና ይህንኑ ፊቴን እያየህ ድገመው። ዕድሜህን ሙሉ ጫማዬን ስታይ ኖረሃል፤ ዛሬ እንኳ ዓይኔን እያየህ ስደበኝ!"

ዞረ። መሃላቸው የአንድ እጅ ስንዝር ቀርቷል። እሷ በቁጣ ትንፋሿ ይቆራረጣል፤ እሱም ሊናገር ከንፈሩን ከፈተ። ከዚያ የቁጣዋ ነገር ከፊቷ ላይ ሲወድቅ እማማ አዩት፤ ዕቃ ከእጅ እንደሚወድቅ።

"ዓይንህ ውስጥ ምን ይሰማሃል?" አለች በቀስታ።

"ምንም።"

"ግራው። ምንም አይቆረቁርህም?"

"ድኛለሁ አልኩሽ እኮ! ምንም አይቆረቁረኝም።"

"እማማ፣ ይምጡና ይዩ።"

እማማ ቀረቡ። ከብሩሹ የወጣች አንዲት ጥቁር ፀጉር በዓይኑ መሃል፣ በብሌኑ ላይ፣ እንደ ስንጥቅ ተጋድማለች። ልጁ ዓይኑን ጨፈነ፣ ከፈተ፤ ፀጉሯ አብራ ሄደች፣ አብራ መጣች። አንድ እንባ አልወጣውም። እማማ አንድ ጊዜ አቧራ ዓይናቸው ገብቶ ቀኑን ሙሉ ያስለቀሳቸው ትዝ አላቸው። ይህ ልጅ ግን ገመድ ተጋድሞበት "ድኛለሁ" ይላል። ያ ሁሉ ሕመም የት እንደሄደ ያን ጊዜ ገባቸው፤ ባይገባቸው በወደዱ።

ወዲያው ክሊኒክ ይዘውት ሲሄዱ የዓይን ሐኪሟ ተረኛ ነበረች፤ የደከማት፣ ቀልድ የማይለቃት ሴት። ያችን የብሩሽ ፀጉር ከዓይኑ በውሃ አጥባ አወጣች። ቀጥላ ከጥጥ ላይ አንድ ቀጭን ክር መዘዘችና ቀኝ ዓይኑን በጫፉ ነካችው፤ ልጁ ከወንበሩ ዘለለ። "ይቅርታ" አለችው። ወደ ግራው ዞረች።

ልጁ ቀጥ ብሎ ጠበቀ። ጠበቀ። "ጀመሩ እንዴ ዶክተር?" አለ።

"ጨርሻለሁ" አለች።

ባለመድኃኒቷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

"ሕመም ማለት እማማ፣ የቤት ዘበኛ ነው" አለች ሐኪሟ። "ሌባ ሲመጣ ይጮሃል። በሽታው የዚህን ዓይን ነርቭ ስለጎዳው ዘበኛው ተኝቷል። እናንተ ጩኸት ስላልሰማችሁ ሰላም ነው አላችሁ። ይኸው የዓይኑ የፊት መስታወት ተልጧል፤ ቁስል ጀምሯል። ማጉያ መነጽር ሲሰካበት፣ አቧራ ሲገባበት፣ ሲደርቅበት ማን ይንገረው? ጠብታውን ማን አስቆመው?"

እማማ እጃቸውን እንደ ተማሪ አነሡ። ሐኪሟ አየቻቸውና ሊወጣት የነበረውን ቃል ዋጠችው።

ዓይኑን የሚያረጥብ ጠብታ በየሰዓቱ፣ ማታ ቅባት፤ የእብጠቱን ጠብታ ራሷ እያየች ትወስናለች። ቁስሉ እንዲድን ደግሞ የዓይኑ ሽፋን ከዳር በኩል ለጥቂት ወራት መሰፋት አለበት።

"ዓይን ይሰፋል?" አሉ እማማ።

"ሽፋኑ ነው፤ ዓይኑ አይደለም። ሲድን እንፈታዋለን። እንደ ድሮው ያያል ብዬ አልምልም። ያለውን ግን ማዳን እንችላለን። ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ይህንንም አልልዎትም ነበር። ሰኞ ጠዋት አምጡት።"

"አላሰፋም" አለ ልጁ።

 ቤት ሲገቡ ባለመድኃኒቷ እጇን ታጠበች፣ አስቀመጠችው፣ ጠብታውን አደረገችለት። እሱ እንደ ግንድ ተቀምጦ ነበር።

"ግማሽ ፊቱ የተሰፋ ሰዓት ሠሪ ጋ ማን ሰዓቱን ይሰጣል?" አለ። "እስከዛሬ የደረጃ ሥር ሰው ነበርኩ። አሁን ደግሞ የደረጃ ሥር አንድ ዓይና ልባል?"

"በቀኝ ዓይንህ ትሠራለህ።"

"ቀኙ አልለመደም።"

"ይለምዳል። እኔም አመልህን ለምጄ የለ?"

"ተይኝ። አባትሽ እውነታቸውን ነው። በሽተኛ ስለሆንኩ ነው የምትመጪው። በሽታው ሲያልቅ አንቺም ታልቂያለሽ። አሁን ብትሄጂ ይሻላል፤ ኋላ ከሚብስብኝ።"

ባለመድኃኒቷ የእጅ ሰዓቷን ፈታች። ጠረጴዛው ላይ፣ ፊቱ አኖረችው።

"ይህ ሰዓት አንድ ቀን እንኳ ተበላሽቶ ያውቃል?"

ልጁ ሰዓቱን አየ። "አያውቅም።"

"ደረጃው ላይ ቆሜ በጣቴ እያዞርኩት ነበር የማመጣልህ። አንዱን ሳምንት ወደፊት፣ ሌላውን ወደኋላ።"

"አውቃለሁ።"

"ታውቅ ነበር?"

"ሰዓት ሠሪ ነኝ እኮ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርሽ አትመጪማ።"

ሳቀች፤ ሳቁ መሃል ላይ ተሰብሮ ልቅሶ ሆነ። "ያኔ ታመህ ነበር? ንገረኝ! ያኔ ፊትህ ላይ ምን ነበረ? ምንህ ተሰብሮ ነው ያኔ ያዘንኩልህ? ከደረጃ በላይ ያለችውን ልጅ አንድ ቀን ቀና ብለህ ባለማየትህ ለራሴ ነበር የማዝነው። አንተ ጫማዬን ስትቆጥር እኔ በየሳምንቱ ሰዓት ሳበላሽ ዕድሜያችን አለቀ! አባቴ ወፉን አስታወሱ፤ ወፉ ከሄደ በኋላ መስኮቱን ስንት ቀን ክፍት እንዳደረግሁት ግን አላዩም።"

ልጁ ፊቱን በሁለት እጁ ሊሸፍን ሲል እጆቹን ያዘቻቸው። "ዓይንህን አትንካ" አለች። በዚያ ሁሉ ለቅሶ መሃል እንኳ ዓይኑን አልረሳችም። እማማ ይህን ልብ አሉ።

"ዛሬ ለአባቴ እነግራቸዋለሁ" አለች። "ይጮሁ፤ ጩኸት አልፈራም። ሰኞ ጠዋትም ክሊኒኩ በር ላይ ልገኝ እችላለሁ። ግን አንድ ነገር ካንተ አፍ መስማት አለብኝ። በሰው በኩል አይደለም። ካንተ ከራስህ። እንድመጣ ትፈልጋለህ?"

 የልጁ ግንባር ላይ ያለው ጥቁር ጠባሳ ተርገበገበ። ቀስ ብሎ፣ ሳያውቀው፣ ዓይኑ ወደ አያቱ ሄደ። ሕፃን ሳለ ሐኪም "የት ጋ ነው የሚያምህ?" ሲለው እሳቸው ነበሩ የሚመልሱት። መምህሩ "ለምን አረፈድክ?" ሲለው እሳቸው። "ምን ትበላለህ?" ሲሉት እሳቸው። አሁንም እንደዚያ ነበር የሚያያቸው።

እማማ መልሱ ምላሳቸው ላይ ደርሷል። አፋቸውን ከፈቱ። ባለመድኃኒቷ አየቻቸው፤ አልለመነችም፤ ግን ትንፋሿን ያዘች።

አፋቸውን ገጠሙ። ከምስማሩ ላይ ሻርፓቸውን አወረዱ፣ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉት፤ ደጅ ካፊያ ነበር፣ ዣንጥላውን አላነሡም። በሁለቱ መሃል፣ በዚያች ጠባብ ቦታ፣ ጎናቸውን አጥፈው አለፉ። ከበሩ ሲደርሱ ወደኋላ ሊዞሩ አንገታቸው ፈለገ፤ አልዞሩም። በሩን ከኋላቸው ቀስ አድርገው ሳቡና፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ፣ ከቤት ወጡ።